የማይቆዩት እትየ ፈዲላ

ሰው መታመሙን መጀመሪያ የሚያውቀው ራሱ ታማሚው ነው የሚል ካለ ከተማችንን መካነ ሰላምን አያውቃትም። መጀመሪያ የሚያውቁት እትየ ፈዲላ ናቸው። ታማሚው ሁለተኛ ነው፤ ሐኪሙ፣ ከተገኘ፣ ሦስተኛ። እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ስሙ ይለያል እንጂ አረማመዱም፣ ጃንጥላውም፣ በር ላይ ሲደርስ የሚላትም ነገር አንድ ነው።

ክብርት ወይዘሮ ፈዲላ፣ የሰፈራችን የበሽተኛ ጠያቂዎች የዕድሜ ልክ ሊቀመንበር፣ ማንም ሳይመርጣቸው ሥልጣን ከያዙ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ለእሳቸው ሙስሊም ክርስቲያን፣ ሀብታም ደሃ የሚባል ነገር የለም። ትኩሳት ያለውና ትኩሳት የሌለው ብቻ ነው። ትኩሳት የሌለውንም ተስፋ አይቆርጡበትም።

በር ላይ ሲደርሱ «እኔ እንኳ አልቆይም» ይላሉ። ይህን የሚሉት ጫማቸውን እያወለቁ ነው። ቀጥለው ሻሻቸውን ላላ ያደርጋሉ፣ ግድግዳ የሚያስደግፍ ቦታ ይመርጣሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚነሱበትን ሰዓት የሚያውቅ የለም። ጎረቤታችን አያ ያለው ጥርሳቸውን ታመው ሊጠይቋቸው የገቡ ቀን፣ ጥርሱ ተነቅሎ፣ ድዱ ድኖ፣ አያ ያለው ቆሎ መቆርጠም እስኪጀምሩ ድረስ ተቀምጠዋል ይባላል። የሰው ወሬ ነው፣ አላምንም። ቆሎው ላይ ግን ደርሻለሁ።

የሚያስፈራው ሁለተኛው ንግግራቸው ነው። ጉንፋን ይዞህ ተኝተሃል እንበል። እትየ ፈዲላ ፊትህን ትኩር ብለው ያዩና ከንፈራቸውን ይመጣሉ። «ነፍሱን ይማረውና፣ የወፍጮ ቤቱን ታደለንም እንዲሁ ነው የጀመረው» ይላሉ። ታደለ የተቀበረው እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ምን ሆኖ እንደሞተ በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ምክንያቱም በእትየ ፈዲላ አነጋገር በሳል፣ በቁርጥማት፣ በራስ ምታትና በቁንጣን ጀምሮታል። አንድ ጠዋት እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በመንገድ ላይ አስነጠሱ። እትየ ፈዲላ በዚያው ያልፉ ነበርና ታደለን ጠሩባቸው። ሰውየው በማግስቱ ደሴ ወርደው ደም፣ ሽንት፣ ራጅ፣ ያልተመረመሩት ነገር የለም፤ ደህና ነዎት ተብለው ተመለሱ። «ታደለንም ደህና ነህ ብለውት ነበር» አሉ እትየ ፈዲላ። ርእሰ መምህሩ ዛሬም ሰልፍ ላይ ያስነጥሳሉ።

አምና ሚያዝያ ላይ አባቴ አያ አራጋው ሆዱን ታመመ። ደሴ ወሰድኩት። ሐኪሙ እሱን ውስጥ አስቀምጦ እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና ነገረኝ፦ ጉበቱ ላይ ነው፣ አይድንም፣ ከእንግዲህ ያለው ሥራ ሕመሙን ማስታገስና ማስታመም ነው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር ለልጅ፣ ለወንድም፣ ለጎረቤት ይነገራል፤ ለታማሚው ለራሱ ግን አይነገርም። እኔም ወግ አጥባቂ ሰው ነኝ። «ጨጓራ ነው አሉ» አልኩት። «ጨጓራ ከሆነማ ጥሩ ነው» አለኝ፤ ወደ ቤት ተመለስን።

ወዲያው በራችን ላይ የጨጓራ ትምህርት ቤት ከፈትኩ። ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ እያስቆምኩ ምን እንደሚል አስጠናሁ። ተማሪዎቼ ጎበዞች ነበሩ፤ እንዲያውም ከልክ በላይ። አያ ያለው ገና ከደጅ «ጨጓራ ነው አሉ፣ ጨጓራ» እያሉ ይገባሉ። አንዲት ዘመዳችን ከአቀስታ ድረስ መጥታ፣ ሰላም ሳትል «ጨጓራ እኮ አይገድልም» ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ከሁሉ የፈራሁት ግን እትየ ፈዲላን ነበር። እኚህ ሴት የአንዲት ጎረቤታችንን እርግዝና ከባሏ ቀድመው ለገበያ ያበሰሩ ናቸው። በር ላይ ጠብቄ ለመንኳቸው። «እትየ፣ ይሁንልኝ፣ የማንንም ሟች ስም እንዳይጠሩብኝ። ጨጓራ ነው።»

«እኔ ምን አወራለሁ ልጄ፣ አልቆይም እኮ» አሉና ጫማቸውን አወለቁ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መጡ፤ በየቀኑም አልቆይም አሉ። በመስኮት ጆሮዬን ጥዬ እሰማቸዋለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፍየሎች፣ አርባ ዓመት ስለሆነው የድንበር ጠብ ያወራሉ። እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ታደለ አንድም ቀን አልተነሳም። ልመናዬ ሠራ ብዬ ኮራሁ።

ከአባቴ ጋር ማውራት ያቃተኝ ግን እኔ ነኝ። ያቺን አንዲት ነገር ላለመንካት ስል ሌላውንም ሁሉ ተውኩት። ገብቼ ትራሱን አስተካክላለሁ፣ «እንዴት ነው ጨጓራው?» እላለሁ፣ «ደህና ነው» ይለኛል፣ እወጣለሁ። አባቴ ሊሞት ነው፤ እኔ የበኩር ልጁ ደግሞ ሳልሰናበተው ሊሄድብኝ ነው። ብነግረው ይሰበራል፣ ባልነግረው ያመልጠኛል። እውነተኛው ጨጓራ የጀመረኝ እኔን ነው።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንድ ጥናት መጣ። ሕመማቸው የማይድን ሰዎች እቤታቸው ሆነው እንዴት እንደሚታመሙ፣ ማን እንደሚያስታምማቸው፣ ሥቃያቸው እንዴት እንደሚቀልላቸው የሚጠይቅ ነው። ሩፋይዳ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከመምህራን መካከል መረጃ ሰብሳቢ ስትፈልግ እኔ ገባሁ። ሃያ ሦስት ቤት ደረሰኝ። ቅጾቹን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ በዚያ ጭቃ ዞርኩ። ደንቡ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ብቻ ይጠየቅ ስለሚል የገዛ ቤቴን ዘለልኩ።

ጥያቄ አሥራ ሰባት እንዲህ ይላል፦ «ስለ ሕመምዎ በግልጽ የሚያወሩት ከማን ጋር ነው?» አንድ፣ የትዳር ጓደኛ። ሁለት፣ ልጅ። ሦስት፣ የጤና ባለሙያ። አራት፣ የሃይማኖት አባት። አምስት፣ ሌላ፤ ስም ይጠቀስ።

የመጀመሪያው ቤት «ከፈዲላ» አለኝ። አምስትን አክብቤ ስማቸውን ጻፍኩ። ሁለተኛውም ቤት እንዲሁ፣ ሦስተኛውም። ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ወጥቼ፣ አሁንስ ከሊቀመንበሯ ግዛት አለፍኩ ብዬ ስጠይቅ፣ ሽማግሌው «ያቺ ጃንጥላዋ የተሰበረው፣ ማን ነበር ስሟ?» አሉኝ። ማስታገሻውን በሰዓቱ ይወስዱ እንደሆነ ስጠይቅም መልሱ አንድ ነው፦ ከመስጊዱ አዛን ጋር። የእትየ ፈዲላ ትእዛዝ ነው። ንጋት ላይ ሱብሂ ሲባል አንድ፣ ቀትር ላይ ዙሁር ሲባል አንድ፣ ማታ መግሪብ ሲባል አንድ፤ እስኪያምህ አትጠብቅ። አንድ ሕመም የጸናባቸው መሪጌታ በመስኮት እያዩ «ዛሬ ደግሞ አዛኑ ምነው ዘገየ?» ብለው ሲቆጡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቅጾቹን በሚኒባስ ደሴ ላክሁላት። በሁለተኛው ቀን ሩፋይዳ ደወለች።

«መምህር፣ አይቀየሙኝና፣ ቅጾቹን ቤትዎ ቁጭ ብለው ነው የሞሏቸው?»

«ምነው?»

«ሃያ ሦስት ሰው አንድ ወዳጅ ብቻ ሊኖረው አይችልማ።»

ልታጣራ ራሷ መጣች፤ ዝናብ መቷት፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና። ሳንባቸውን ወደታመሙት አያ ሁዜይፋ ቤት ወሰድኳት። እትየ ፈዲላ ቀድመውን እዚያ ነበሩ። የታማሚውን እግር በለብታ ውሃ እያጠቡ ይጨቀጭቋቸዋል። «አያ ሁዜይፋ፣ ለሁለት ወንድማማች አንድ አህያ ትተው እንዳይሄዱ። ወላሂ ቀብርዎ ላይ ይደባደባሉ።» አያ ሁዜይፋ ትንፋሽ እያጠራቸው ይስቃሉ።

ሩፋይዳ እስክሪብቶዋን አወጣች። ከዚያ ለምን ከልጆቻቸው ጋር እንደማያወሩ ጠየቀቻቸው።

«ሌላው ሲገባ ወይ ያለቅሳል ወይ ይዋሻል» አሉ አያ ሁዜይፋ። «ልጆቼ ሁለቱንም ያደርጋሉ። ይቺ ግን ስለ አህያዋ ትጠይቀኛለች። እኔን እኮ የሚያሳስበኝ የአህያዋ ነገር ነው።»

ሩፋይዳ ይህን እየጻፈች ሳለ አስነጠሳት። እትየ ፈዲላ ከእግር አጠባው ቀና ብለው ትኩር አሉባትና ከንፈራቸውን መጠጡ። «የወፍጮ ቤቱን ታደለንም እንዲሁ ነው የጀመረው» አሉ። ልጅቷ ቅጾቼን እውነት ናቸው ብላ ፈርማ ሄደች። ደሴ እንደደረሰችም ራጅ ተነሳች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እትየ ፈዲላ የተለመደውን ብለው፣ ጫማቸውን አውልቀው እኛ ቤት ገቡ። እኔም ፌስታሌን ይዤ ተከተልኩ።

«ስንት ቤት ጠየቅህ?» አለኝ አባቴ።

«ሃያ ሦስት።»

«እኔንስ ለምን ዘለልከኝ?»

እትየ ፈዲላ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጃንጥላቸውን አነሱ። «እኔ እንኳ አልቆይም» አሉና ወጡ። እውነቴን ነው፣ ወጡ። በሩንም ከውጭ ገጠም አደረጉት። ሠላሳ ዓመት ሲሉት የኖሩትን ቃል ሲያከብሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጉበቴ ነው አይደል?» አለ አባቴ።

«ማን ነገረህ? እትየ ፈዲላ ናቸው?»

«እሷማ ምንም አላለችኝም። በዚያ ነው ያወቅሁት። እኔን እንቅፋት ሲመታኝ እንኳ ታደለን ትጠራብኝ የነበረች ሴት፣ ከደሴ የተመለስኩ ቀን ታደለን ሳትጠራ ወጣች። በማግስቱም አልጠራችውም። በሦስተኛው ቀን "ፈዲላ፣ ታደለስ?" ብላት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር ስናወራ ከረምን።»

ለካስ እትየ ፈዲላ ታደለን የሚጠሩት ለሚድን ሰው ብቻ ኖሯል። እኔ ደግሞ በር ላይ ቆሜ እንዳይጠሩት እለምናለሁ። ቢጠሩት ኖሮ ነበር ምስጢሬ የሚደበቀው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ያን ሁሉ ሰው በር ላይ አቁመህ ስታስተምር ልፋትህ ከንቱ እንዳይቀር ብዬ ነዋ። በል ያን ወረቀት አውጣው።»

ከጥያቄ አንድ ጀመርን። አሥራ ሰባት ላይ ስንደርስ «እስከ ዛሬ ከፈዲላ ጋር» አለኝ። ትንሽ አሰበና «ልጅ የሚል የለውም?» ሲል ጠየቀኝ።

«አለው። ቁጥር ሁለት።»

«እሱን አክብበው።»

አከበብኩት። ከዚያ አልቻልኩም፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባቴ ራሴን በእጁ ያዘና «አይዞህ፣ ጨጓራ ነው» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ያ ቅጽ ጥናቱ ውስጥ አልገባም፤ ዘመድ ዘመዱን አይጠይቅም ይላል ደንቡ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው። አባቴ እስከ ኅዳር ቆየ፤ ማስታገሻውን ከአዛን ጋር እየዋጠ፣ እኔም የቀረብኝን ሁሉ እየጠየቅሁት። የት መቀበር እንደሚፈልግ ከአፉ ሰምቼ እዚያው ቀበርኩት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ደስ የሚለኝ ይህ ነው።

ባለፈው ወር እኔን ሆዴን አመመኝ፤ ልክ እሱን ያመው በነበረበት በኩል። ለማንም አልተናገርኩም። ደሴ መሄድ ፈርቼ ሁለት ቀን ግድግዳ እያየሁ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ደጃፉ ላይ «እኔ እንኳ አልቆይም» ሲባል ሰማሁ። እትየ ፈዲላ ገቡና ፊቴን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

ከንፈራቸውን መጠጡ። «የወፍጮ ቤቱን ታደለንም እንዲሁ ነው የጀመረው» አሉ።

ከዚህ የበለጠ የምሥራች ሰምቼ አላውቅም። ብድግ ብዬ ቁጭ አልኩና «እትየ፣ ዛሬስ ቆይተው ነው የሚሄዱት» አልኳቸው። ጫማቸውን ቀድሞውኑ አውልቀውት ነበር።