የአቶ ባጭሩ ሱሪ

አንድ አቶ ባጭሩ የሌለበት ቤት የለም። ገና «ትናንት ገበያ ሄጄ…» ስትሉ «ገባኝ፣ ገባኝ! ባጭሩ?» የሚላችሁ፣ ቀልድ ስትጀምሩ ቀድሟችሁ የሚስቅ ሰው ማለት ነው።

የኛው ክቡር አቶ ባጭሩ ተማሪ ነው። ክረምቱን አብራው ከምትማር የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ልጅ ጋር፣ ማንም በነፃ ወስዶ ሊያሻሽለው በሚችል አንድ ሶፍትዌር ላይ ሲሠሩ ከረሙ። ሶፍትዌሩ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳይ የሚሊዮን ነጥቦች መረብ በትንሽ ቦታ አጣጥፎ ያስቀምጣል። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ የአንዱ ነጥብ ወዳጆች ከጎረቤቱ ወዳጆች ጋር ከተመሳሰሉ፣ ሁሉንም ከመድገም «እንደ ጎረቤቱ፣ አንዱ ሲቀር» ብሎ ማለፍ ነው። ሥራው ለአቶ ባጭሩ ተብሎ የተፈጠረ ይመስላል።

ሰውዬው እኮ አያርፍም! ቆሞ ይበላል። ከተቀመጠም እግሩ ጠረጴዛውን ሲያንቀጠቅጥ የልጅቷ ኮምፒውተር አብሮ ይዘላል። እናቱ ስትደውል «እንደ ትናንቱ ነኝ፣ ጉንፋኑ ሲቀር» ብሎ ይዘጋል። ልብስ ሰፊው ሊለኩት ሜትራቸውን ሲያወጡማ «አባባ፣ መለካቱ ምን ያደርጋል? እንደ ጎረቤቴ ይስፉት፣ ሁለት ጣት ጨምረው» ብሏቸው እብስ አለ። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ጉድ እኮ ነው፤ እሱኑ ለብሶ ክረምቱን ሙሉ ዞረ።

ልጅቷ ግን ጭንቅ ላይ ነበረች። ሥራቸው እስከ ዓርብ በሶፍትዌሩ ኃላፊዎች ዘንድ ተቀባይነት ካገኘ ስሟ ከሶፍትዌሩ ሠሪዎች ዝርዝር ይገባል። አባቷ ያንን ገጽ አሳትመው ለመለጠፍ የሱቃቸውን ግድግዳ አጽድተዋል፤ ለደንበኛው ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የታጠፈውን መረብ መልሳ ስትዘረጋው፣ አሥራ አንድ ነጥብ የለም።

«የት ገቡ?» አለችው።

«እነሱ ከማንም አይገናኙም። ባዶ ምን ተብሎ ይጻፋል? ባጭሩ…»

«ባጭሩህን ተወው!» ጮኸችበት። «ማንንም ባያውቁስ? የገባው ሁሉ መውጣት አለበት! ይሄን እኮ በመጀመሪያው ሳምንት ልነግርህ ጀምሬ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ነገር አስጨርሰኸኝ ታውቃለህ?» እንባዋ መጣ።

የጠረጴዛው መንቀጥቀጥ ቆመ።

«እሺ» አለ። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ነገረችው። አፉን በእጁ ይዞ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማት፤ ምስኪን፣ ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ ሲያርሙ ዋሉ፤ ዓርብ ጠዋት እሱ ላከው፣ ከሰዓት ተቀባይነት አገኘ።

ልጅቷ ገጹን ሱቅ ውስጥ ከአባቷ ጋር ከፈተችው። ሥራ ሲልክ ወትሮ «ተስተካክሏል» ብቻ የሚል ሰው፣ «አሥራ አንዱን ነጥብ የጣልኩት እኔ ነኝ። እሷ ቀድማ አውቃ ነበር፤ አላስጨርስ ያልኳት እኔ ነኝ» ብሎ ጽፏል። ዝርዝሩ ላይ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ አስፍሯል። ከሥሩ አንድ ፊደል ብቻዋን ቆማለች።

አባቷ ገጹን አሳትመው ለጠፉና መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። «ይቺ ፊደል ደግሞ ማናት?»

«ባጭሩ ነው፣ አባዬ።»

ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። «ጥሪው። ዛሬ ቆሞ ይለካል።»

ደወለች። ገና «ሃሎ» ሳትል «ሱሪው ነው አይደል? መጣሁ!» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው። ውይ፣ ይሄ ልጅ! ሳቀች። እሱ እስኪመጣ ግን መቀመጥ ያቃታት እሷ ነበረች፤ አሥር ጊዜ በሩ ላይ ወጥታ መንገዱን አየች።