አማቴን ያጠራሁ ዕለት

ገመድ የያዘ ባል ያለበት ቤት ሰላም አያድርበትም! አንቀበልም ካላችሁ ሚስቶቻችሁን ጠይቁ፤ እኔማ ከቅዳሜ ወዲህ አፌን ይዤ ተቀምጫለሁ።

አማቴ መሪጌታ የዲማ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ። ባለፈው በዓል ካሜራ የያዙ ሰዎች ቀርጸዋቸው ኖሮ፣ "ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ በቴሌቪዥን ይወጣሉ" ተባለ። ከመስታወት በቀር ራሳቸውን የትም አይተው የማያውቁ ሰው! ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በመኪና ብለው ማርቆስ ድረስ መጡልን።

የኛ ቴሌቪዥን ደግሞ... እንዴት ልበላችሁ... ዜና አንባቢው ሁልጊዜ ፊቱ ላይ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ጎረቤታችን ጋሽ አስማረ ግድግዳ የሚያክል አዲስ ቴሌቪዥን አላቸውና "መሪጌታን እኛ ቤት ይዘሃቸው ና" አሉኝ።

ምን ሲደረግ! አማቴ እኔን ብለው መጥተው ለቴሌቪዥን ጎረቤት ልላካቸው? አገሩ ምን ይለኛል?

"ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፤ አባቴን እንዳታሳዝንብኝ" አለች ባለቤቴ።

"ኮምፒውተር እያለ?"

የተማርኩ ነኝ አይደል! በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ይገባ የነበረውን ምስል መጀመሪያ በቤታችን ኮምፒውተር አሳለፍኩት፤ ነጠብጣቡን ለቅሞ፣ አጥርቶ እንዲልክልን። ሦስት ቀን ገመድ ስዘረጋ ሰነበትኩ። ሳሎናችን ውስጥ እግርን እንደ ዶሮ እያነሱ መርገጥ ግድ ሆነ። ግን ጠራላችሁ! ዜና አንባቢው አገጩ ላይ ጠባሳ እንዳለው ያወቅነው ያኔ ነው።

እርግጥ አንዲት እንከን ነበረችው። ኮምፒውተሩ አሮጌ ስለሆነ ለቀማው ጊዜ ይወስድበታል፤ ምስሉም ድምፁም እኛ ጋ የሚደርሰው ከሰው ሁሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው። ታዲያ ለግማሽ ደቂቃ ማን ይሞታል?

ቅዳሜ መሪጌታ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ቴሌቪዥኑ እሳቸውን የሚያይ ይመስል! ዲማ ብቅ አለ። የዛፉ ቅጠል አንድ በአንድ ይቆጠራል።

"እልልልል!" አለ ግድግዳው። የእነ ጋሽ አስማረ ቤት ነው።

"ምን አግኝተው ነው?" አሉ መሪጌታ።

"እርስዎን አይተው ነው አባባ።"

"እኔ እዚህ አይደለሁም እንዴ?"

"እየመጡ ነው... ኮምፒውተሩ እያጠራዎት ነው።"

ከግድግዳው ማዶ የገዛ ድምፃቸው ሲያዜም ሰሙ። አንገታቸውን አሰገጉ። እኛ ቤት ገና የቤተ ክርስቲያኑ በር እየተከፈተ ነው። ጥምጥም ብቅ አለ... ከጥምጥሙ ስር ግንባር...

ድርግም! መብራት ሄደ።

ባለቤቴ ገመዶቹን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው። ይሄኔ ጋሽ አስማረ በሩን በርግደው ገቡ።

"መሪጌታ! እንዴት አምሮብዎታል! ሁላችንም አየንዎት እኮ!"

"ተመስገን" አሉ አማቴ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱና ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን ጎንበስ አሉ። ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሳቸው ፊት ድቅን ብሏል። ጥምጥማቸውን አቃኑ፣ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ፣ ወደኔ ዞሩ።

"አንዲት ነጠብጣብ የለበትም! እጅህ ይባረክ ልጄ፤ እንዲህ ጠርቼም አላውቅ።"