የአጎቴ በቅሎ ዘብ የወጣች ቀን

ስልክ ይዞ አርፎ መቀመጥ የማይችል ሰው ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። አንድ ገጽ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ መልሼ እከፍታለሁ። ሰው ፊት ተናገሪ ስባል ግን ላብ ያጠምቀኛል። እንዲህ ያለች ሰው ሽማግሌዎች ፊት መቆም ግድ ሲሆንባት ምን ይውጣታል?

ሰፈራችን ከራቤል ከተማ ከፍ ብሎ ነው፤ ክልክል ሣር አለን። ለቤት ክዳን የሚሆነው ጓሳ እስኪደርስ ማንም አያጭድበትም፣ ከብትም አያሰማራበትም። ከጠባቂዎቹ አንዱ አጎቴ ናቸው። አምና ክልክሉን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ለጠባቂዎቹ ስልክ ሰጠ። ስልኩ ላይ ጠባቂው የት እንዳለ በካርታ የሚያሳይ ፕሮግራም አለ፤ በነፃ የሚወርድ፣ ኮዱንም ማንም ከፍቶ የሚያየው። ሊቀ መንበሩ፣ ከእንግዲህ ድንጋይ ተንተርሶ መተኛት ቀረ አሉ።

አጎቴ አልተኙም። ሣሩ ግን ተሰረቀ። እሳቸው ወደ ላይ ሲወጡ ከታች ይታጨዳል፤ ሲወርዱ ከላይ። ሰው ምን አለ? ሸጦታል አለ። ኮሚቴው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊያሰናብታቸው ቀጠረ። አጎቴን እህል አስጠላቸው። ከሥራው ይልቅ የበላቸው ሌባ መባሉ ነው።

በዚያው ሳምንት ሚስታቸው እትዬ አስካለ፣ እስኪ ሰውየው የት ደረሰ፣ ወጡን ላሙቅ ወይ አሉኝ። ኮሚቴው ለየጠባቂው ቤት የሰጠው የድረ ገጽ አድራሻ አለ፤ መጨረሻው ላይ የጠባቂው ቁጥር አለ። የአጎቴ ሦስት ነው። እኔ በችኮላ አራትን ነካሁ። ሌላው ጠባቂ ብቅ አለ! የይለፍ ቃል የለ፣ ማነሽ የሚል የለ። ኮምፒውተር ተምሬ የለ? ወዲያው ገባኝ። አድራሻው በአንዱ ዘመድ በኩል ሾልኮ ከወጣ፣ ሌባ ቤቱ ተቀምጦ ዘቡን ይጠብቃል ማለት ነው። ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ጻፍኩ። እስኪመልሱ ግን እሑድ ደረሰ።

ስብሰባው መሐል ተነሣሁ። ፕሮግራሙ ክፍተት አለው አልኩና ቁጥሩን እየቀያየርኩ አሳየኋቸው።

"ቁልፉን ማን ሰጠሽ?" አሉ ሊቀ መንበሩ።

"ቁልፍ የለውም።"

ከወደ ኋላ አንድ ሽማግሌ፣ "እንግዲያው ለሌባ የምትነግረው እሷ ናታ!" አሉ።

ይታያችሁ! አጎቴን ላድን ተነሥቼ እኔው ገባሁበት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ "እስከ ሐሙስ ስጡን" አልኩ። እያጉረመረሙ ሰጡን።

ምክሩን የማውቀው እኔና አጎቴ ብቻ ነን። ረቡዕ ስልካቸውን በበቅሏቸው ኮርቻ ላይ አሰርንና በላይኛው ክልክል ለቀቅናት። እሳቸው ታች ሣሩ ውስጥ ተጋደሙ። እኔ ቤት ሆኜ በካርታው ላይ የበቅሎዋን ነጥብ አያለሁ። ትሄዳለች። ትቆማለች። ምነው ቆመች? እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ እንደገና እከፍታለሁ። እትዬ አስካለ፣ አንቺ ልጅ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው አሉኝ።

ሊመሽ ሲል አጎቴ አንድ የሰፈራችንን ጎረምሳ ከነማጭዱ ይዘው መጡ። ልጁ ስልኩን ከፍቶ ይሟገታል፤

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ እዚያ አልነበሩም! ይኸው፣ ላይ ነዎት!"

"እሷ በቅሎዬ ናት" አሉ አጎቴ። "ሰላም ብላሃለች።"

ሐሙስ አጎቴ ተሞገሱ፣ ያ ሽማግሌም ይቅርታ ጠየቁኝ። ሠሪዎቹም ክፍተቱን ደፍነው አመሰገኑኝ። እፎይ ልል ስል ሊቀ መንበሩ የረቡዕን ካርታ አጉልተው ማየት ጀመሩ።

"ይቺ በቅሎ ቀኑን ሙሉ የዋለችው ክልክሉ ውስጥ አይደለም እንዴ?"

ከብት ያሰማራ ይቀጣል፤ ደንቡ ለጠባቂም አይመለስም። አጎቴ፣ ይኼ ነገር ይሳሳታል፣ ማን አይቶ ይመሰክራል አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ላቤ መጣ። አጎቴ ጠጋ ብለው በጆሮዬ ሹክ አሉኝ፤

"አንቺ፣ ያ ክፍተት... እንደው እኔ የምሾልክበት ትንሽ እንኳ አልቀረም?"