ከባንቺ የተዋስኳት ታቃፊ ዶሮ

ሰው ሁሉ «ተጠንቀቅ» ይላል እንጂ እስከ የት ድረስ እንደሆነ የሚነግር የለም። እኔ ከቤት ስወጣ በሩን ቆልፌ፣ አሥር እርምጃ ሄጄ፣ ተመልሼ ገፋ አድርጌ አያለሁ። ባለቤቴ እናኑ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ቆልፌባት የሄድኩበት ቀንም አለ። በእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ እንዲያውም ይህን ማንበብ የጀመራችሁት ምድጃው መጥፋቱን ሁለት ጊዜ አይታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ይሆናል። ለማለት የፈለግሁት፣ ጠንቃቃ ሰው ሲሳሳት ስህተቱንም የሚሠራው በጥንቃቄ ነው።

ነገሩ የዶሮ ነው።

ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ወደ ወለቃ መውጫ ነው። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለችው የጎረቤታችን የባንቺ ቀይ ዶሮ እንቁላል መጣሏን ተወችና ላባዋን ነፍታ፣ ባዶ ቅርጫት ላይ ተቀምጣ «ቋ፣ ቋ» ማለት ጀመረች። ልታቀፍ አለች ማለት ነው። ባንቺ ደግሞ የምትፈልገው እንቁላል እንጂ ጫጩት አይደለም። እንዲህ ያለችውን ዶሮ ሐሳቧን የሚያስለውጥ መድኃኒት በአገራችን የታወቀ ነው፤ ከክንፏ አንድ ላባ ይነቀልና በአፍንጫዋ ቀዳዳ አሻግሮ ይሰካባታል። ዶሮዋ ላባውን ለማውለቅ ስትታገል መታቀፉን ትረሳዋለች። በአጥሩ ላይ አንገቴን ሳወጣ ባንቺ ዶሮዋን በጉልበቷ መሐል ይዛ ላባ እየመረጠች ነበር።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ማየት አልችልም። «ተይ ባንቺ! ለእኔ አውሺኝ፤ ፈልፍላ ስትጨርስ እመልስልሻለሁ» አልኩ፣ ሳላስበው።

«አያ ዘለቀ፣ አንቱ ዶሮ አስታቅፈው ያውቃሉ?»

«በጥንቃቄ የተያዘ ነገር ይበላሻል?»

«እንግዲያው ይውሰዷት። ካልፈለፈለች ግን ላባው አይቀርላትም። ለአንቱም አንድ አስቀምጣለሁ» አለችና በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ።

የዶሮዋ አፍንጫ በእኔ እጅ ወደቀ።

አሥራ ሦስት እንቁላል መረጥኩ። ጫፉ የሾለው አውራ፣ ድብልብሉ ሴት ይወጣዋል ስለሚባል ድብልብሉን አበዛሁ። ቅርጫቱን በገለባ ጎዘጎዝኩ፤ ነጎድጓድ እንዳያበላሻቸው ከሥር ሚስማር አኖርኩ። ለጭላት ጣሪያ፣ ለሸለምጥማጥ በር፣ ለበሩ ድንጋይ አዘጋጀሁ። ካላንደሩ ላይ ሃያ አንድ ቀን ቆጥሬ በእርሳስ አከበብኩ። ከዚያ በቀን አራት ጊዜ እየሄድኩ አየኋት፤ እሷም በቀን አራት ጊዜ ነከሰችኝ።

ሃያ አንደኛው ቀን ደረሰ። በርጩማዬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምንም የለም። በማግስቱም ምንም። በሦስተኛው ቀን ባንቺ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«አያ ዘለቀ፣ ምነው ዝም አለች?»

«ነገ ነው።»

«ትናንትም ነገ ነው ብለው ነበር» አለችና የክንፍ ላባ አውጥታ ጆሮዋን ጠረገችበት።

ዶሮዋ ደግሞ ከስታ፣ ሳነሣት ባዶ ጆንያ የያዝኩ መሰለኝ። ሆኖም አልነሣም አለች።

በሃያ አራተኛው ቀን እናኑ ወተት ልታወጣ ፍሪጁን ከፍታ ቆመች። «እዚህ የነበረው እንቁላልስ?»

«ዶሮዋ ሥር ነዋ።»

«የትኛው?»

«የተጠራቀመው። እንዳይበላሽ ያስቀመጥኩት።»

ነገሩን ላስረዳችሁ። በሁዳዴ ሰው እንቁላል አይበላም፤ ዶሮ ግን ስለ ጾሙ የሰማችው ነገር የለም፣ ትጥላለች። ልጃችን ከባሕር ዳር የላከችልን ፍሪጅ ጾሙን ሙሉ ባዶውን ይጮኻል። ስለዚህ እኔ ዶሮዎቻችን በየቀኑ የጣሉትን እየጠረግሁ፣ በተርታ እየደረደርኩ፣ ቅዝቃዜውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ሁዳዴው እስኪፈታ ጠበቅሁት። ያስታቀፍኩት ከዚያ ውስጥ ምርጥ ምርጡን ነው።

እናኑ ፍሪጁን ቀስ ብላ ዘጋች። «አንተ ሰው፣ በረዶ አስታቅፈህ ጫጩት ትጠብቃለህ?»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ለባንቺ እውነቱን ብነግራት ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን ላባው አለ። ያጠፋሁት እኔ፣ የምትወጋው ዶሮዋ! ይህ ሲከነክነኝ ሰነበተና ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ጠዳ ወረድኩ። ገበያው ዳር የአንድ ቀን ጫጩት የሚሸጥ ሰው አለ። ስምንት ገዛሁ፤ ሰባቱ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር። ጥቁሩን የወሰድኩት ቡናማው ስላለቀ ነው። በጫማ ካርቶን አድርጌ ጭኔ ላይ ይዣቸው ስመለስ መንገዱን ሙሉ ጮኹ።

«አባቴ፣ ስልክዎ እየጠራ ነው» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ።

«አውቃለሁ። ይጥራ» አልኳቸው።

ዶሮዋ ውሃ ልትጠጣ በወረደችበት ቅጽበት እንቁላሎቹን አንሥቼ ጫጩቶቹን ገለባው ውስጥ አኖርኩ። እንቁላሎቹን ከጓሮ ቀበርኳቸው፤ አንዱ እጄ ላይ ፈነዳ፣ ስለ ሽታው አልጽፍም። ዶሮዋ ተመለሰች። ጫጩቶቹን አየች። እኔንም አየችኝ። ከዚያ ክንፏን ከፍ አድርጋ አስገባቻቸው፤ ጥያቄ የለ፣ ምርመራ የለ። አፍሬ ፊቴን አዞርኩ።

ከሰዓት በኋላ ባንቺ መጣችና ቁጢጥ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ሸጋ ናቸው» አለች። አንዱን በጣቷ ነካ አድርጋም፣ «ይሄ ጥቁሩ ማንን መስሎ ነው?»

«አባቱን» አለች እናኑ ከበሩ ላይ።

«አውራ ዶሯችሁ ቀይ አይደለም እንዴ?»

«አያቱን ይሆናላ» አልኩ እኔ።

ባንቺ ብድግ ብላ ወጣች። ላባዋን ልታመጣ ነው ብዬ በቅርጫቱና በበሩ መሐል ቆምኩ። ስትመለስ ግን በብብቷ ሌላኛዋን ዶሮዋን ይዛለች። እሷም ላባዋን ነፍታለች፣ እሷም «ቋ» ትላለች። አፍንጫዋን አየሁት፤ ደህና ነው።

«ላባውን ትቼዋለሁ። ይህችንም አንቱው ያስታቅፉልኝ» አለች።

ተቀበልኳት።

ባንቺ አጥሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«አያ ዘለቀ፣ ጠዳ ሲወርዱ ግን ጥቁሩ ይቅርብን። ገብስማ ይምረጡ።»