የአንድ ጠረጴዛ ሻምፒዮን

እናንተ ሰፈር የአንድ ጠረጴዛ ሻምፒዮን የለም? ማለቴ፣ አንድ ፑል ቤት ውስጥ ብቻ የሚነግሥ፣ ሌላ ቦታ እንጫወት ሲሉት ግን ድንገት ወገቡን የሚያመው? የኛ የካዛንቺሱ ሙሌ ይባላል።

የእትዬ ዘውዴ ፑል ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጠር ስለሚል ኳሱ ሁሉ ወደ ጓሮው በር ያደላል። ሙሌ የስቲኩን ጫፍ ጠመኔ ቀብቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነጯን አጉል አቅጣጫ ይሰዳታል። እሷ ግን የረሳችው ዕቃ እንዳለ ሰው መንገድ ላይ ታጥፋ ጥቁሯን ቀዳዳ ውስጥ ትከታታለች። እኛም «ጥበብ ነው!» እንላለን።

አንድ ቅዳሜ የቄራ ልጆች ሊገጥሙን መጡ። እትዬ ዘውዴ ለካ ለእንግዳ ክብር ብለው በጠዋቱ አናጺ አስጠርተው የጠረጴዛውን እግር አስተካክለውታል። ሙሌ መታ። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች! ደግሞ መታ፤ አሁንም ቀጥ! ከዚያ ወዲያማ ምኑ ይወራል፣ ተዋረድን።

«እትዬ፣ ጠረጴዛውን አበላሹት እኮ!» አለ ሙሌ ላብ በላብ ሆኖ።

«ኧረ አስተካከልኩት!»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት!»

በሙሌ ስስቅ ዋልኩ። ማምሻውን ራሴ ብሞክር ግን አንዲት ኳስ እንኳ አልገባልህ አለችኝ። ስለዚህ በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ካርቶን አጣጥፌ፣ ሰው ሳይመጣ ልድረስ ብዬ ብገባ፣ ሙሌ ጠረጴዛው ስር ተንበርክኮ በመንገዱ በኩል ካለው እግር ስር ካርቶን ይሸጉጣል። ቀና ብሎ አየኝና እጁን ዘረጋ።

«በል ያንተንም አምጣው፤ የኔ ቀጠነ።»