አማቴ፣ ኤሲው እና የሊቀመንበሩ ሱሪ

አማታችሁ ሳይነግሯችሁ መጥተው፣ ባላችሁ በሌለበት፣ ሳሎናችሁ ውስጥ ዘጠኝ የወንድ ሱሪ ተሰቅሎ አግኝተው ያውቃሉ?

የኔ አግኝተዋል።

ዘጠኝ! አጭር፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቦርጫም። አንዱም የባሌ አልነበረም።

ቆይ፣ ቆይ! ለፍርድ አትቸኩሉ።

ዛሬ ልጄ ቤቷ ኤሲ አስገጥማ ፎቶ ላከችልኝ። «እማዬ፣ ርጥበቱን ይመጥጠዋል፤ ከእንግዲህ ሻጋታ የለም» ትለኛለች። እኔ ሶፋዬ ላይ ብቻዬን በሳቅ ሞትሁ። ደውዬላት «ምን አሳቀሽ?» ብትለኝ ወሬ ቀየርሁባት። ለእሷ ያልነገርሁትን ለናንተ ልንገራችሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ፣ ይታይሽ፣ አዲስ ሙሽራ ነኝ። ባሌ አበጀ የፋብሪካ ቴክኒሻን ነው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ጥግ፣ አንድ የውጭ አገር ኤክስፐርት ይኖርበት የነበረ የመንግሥት ቤት ደረሰን። ሰውየው አገሩ ሲገባ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተገጠመውን ማሽን ትቶት ሄደ። አበጀ ፈታታው፣ ጠራረገው፣ አስነሳው።

ያኔ «ኤሲ» የሚል ሰው አልነበረም። እኛ ሰፈር «ማሽኑ» ነበር፣ በቃ።

የባሕር ዳርን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጫማ አረንጓዴ ጢም ያበቅላል። ጨው ውኃ ይሆናል። ክብሪት ብትጭሩት ብትጭሩት እሺ አይልም። ያጠባችሁት ልብስ ሳምንቱን ሙሉ ተሰቅሎ ሳምንቱን ሙሉ ርጥብ ነው፤ ከዚያ መሽተት ይጀምራል።

የኔ ሳሎን ግን ደረቅ! ማሽኑ ሲሠራ ከጀርባው በቀጭን ቱቦ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ ባልዲ ይሞላል። ከአየር ላይ የተለቀመ ውኃ! እንግዳ በመጣ ቁጥር ባልዲውን እንደ ልጅ አስተዋውቅ ነበር።

አበጀ ለኮርስ አዲስ አበባ ሲሄድ አደራ ሰጠኝ። «በርና መስኮት ዝጊ። መካከለኛው ላይ ይቆይ፤ ማዞሪያውን እንዳትነኪው። ርጥብ ነገርም አታስገቢ። እሱ ቀስ እያለ ያደርቀዋል።»

ራሴን ነቀነቅሁ። አዲስ ሙሽራ ራስ መነቅነቅ ታውቅበታለች፤ መስማት ሌላ ጉዳይ ነው።

ነገሩን የጀመረችው ዘሃራ ናት። የጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ እኩያዬ፣ አፏ የማያርፍ። ባልዲውን አየች፣ ማሽኑን አየች።

«ይታይሽ» አለችኝ፣ «ይሄ ነገር ከአየር ላይ ውኃ ከጠጣ፣ ከሱሪ ላይማ እንዴት አይጠጣም?»

ልክ አይደለችም?

የአባቷን ሱሪ አመጣች። ሳሎኑ ላይ ገመድ ወጠርን። በማግስቱ ሱሪው እንደ ቋንጣ ደርቆ ተገኘ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ነገሬ የተበላሸው ሐሳቡ ስላልሠራ አይደለም። ስለሠራ ነው!

ዘሃራ ደግሞ ወሬ አታሳድርም። የፋብሪካው ሠራተኞች አብዛኞቹ አንድ የሥራ ሱሪ ነው ያላቸው። ሚስቶቻቸው እየተሹለከለኩ መምጣት ጀመሩ። «የኔ ቆንጆ፣ ይቺን ብቻ።» «እባክሽ፣ የነገ ተረኛ ነው።» አንዷ እንቁላል ይዛ፣ አንዷ ጎመን ይዛ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ? ነበረብኝ። ግን ደስ ብሎኛላ! እስከዚያ ቀን ሰፈሩ ውስጥ «የአበጀ ሚስት» ነበርሁ። አሁን መንገድ ላይ ቆመው ሰላም የሚሉኝ ሴትዮ ሆንሁ።

አንድ ቀን ወደ ማታ የሊቀመንበሩ ሚስት መጣች።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር! ስሙን አልጠራም፤ ያኔም የሚጠራው አልነበረም። «ጓድ ሊቀመንበር» ነው፣ በቃ። ሲያስነጥስ እንኳ ሰው ይማርህ ለማለት ፊቱን የሚያጠና፣ እንዲህ ያለ ሰው። አሁን በ«አሉ» ፈንታ «አለ» እያልሁ የምጽፍላችሁ ዘመን አልፎልኝ ነው።

«ነገ ከሰዓት ከክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጣሉ» አለችኝ ሚስቱ፤ ካኪ ሱሪውን በጉያዋ ሸሽጋ ነው የመጣች። «ስብሰባውን የሚመራ እሱ ነው። ጭቃ ነክቶት አጠብሁት፤ ሌላ ካኪ የለውም። ይደርሳል?»

«ደርቆ ያድራል!» አልኋት። ምን ዓይነት ልብ ነው የነበረኝ?

ገመዱ ግን ጢም ብሎ ነበር። በዚያ ላይ ሴቶቹ ሲገቡ ሲወጡ በሩ አይዘጋም። ስለዚህ ለመተማመኛ ብዬ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዝሁት። ይበልጥ ከቀዘቀዘ ይበልጥ ያደርቃል ብዬ!

ኤሲ ያላችሁ እህቶቼ፣ ስክሪንሹት አድርጉልኝ፦ አያደርቅም።

ጠዋት ልብሱን ሳልነካ ወደ ኅብረት ሱቅ ሮጥሁ፤ ሳሙና መጥቷል ተብሎ ነበር። ሴቶቹ መጥተው ልብሳቸውን ይውሰዱ ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ ተውሁት።

ስመለስ ዝናቡ ይወርዳል። ቤቴ ደጃፍ፣ ጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመው፣ የቅቤ ቅል ታቅፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

የአበጀ እናት! እማማ የውብዳር! ከዱርቤቴ!

«እማማ! በዚህ ዝናብ! ምነው ሳይገቡ?»

«ገብቼ ወጣሁ» አሉ።

ልስማቸው ጎንበስ ስል ጉንጫቸውን አላዞሩልኝም። ዝናቡን እያዩ ነው።

«ስንት ናቸው?» አሉኝ።

«ምኖቹ?»

«ወንዶቹ።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ሳቄ መጣ! ሞት ሲመጣ የምስቅ ሰው ነኝ፤ ምን ላድርግ?

«ትስቃለች ደግሞ!» ብለው ተነሡ።

ማስረዳት ጀመርሁ። ማሽኑ ነው፣ የጎረቤት ልብስ ነው፣ ሚስቶቻቸው ናቸው ያመጡት፣ ማሽኑ ርጥበት ይመጥጣል...

«ልብስ በፀሐይ ነው የሚደርቅ» አሉኝ። «በእሳት ነው የሚደርቅ። በብርድ ሲደርቅ አይቼ አላውቅም። እናቴም አላየች።»

«ይንኩት እማማ! ይዳስሱት!» ብዬ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

የመጀመሪያውን ሱሪ ጨበጡት። ጨመቁት።

ውኃው በጣቶቻቸው መካከል ጭርር ብሎ ወለሉ ላይ ወረደ።

«ባልዲውን ይዩ! የመጠጠው ውኃ ባልዲው ውስጥ ነው!» ብዬ ወደ ጓሮ ጎተትኋቸው።

ባልዲው ደረቅ። ጠብታ የለበትም።

ተመልሼ ማሽኑን ባየው ፊቱ ላይ ነጭ በረዶ ጋግሯል። ያጓራል እንጂ የሚተነፍስ አይመስልም። ግድግዳው አልቦታል። ዘጠኙም ሱሪ እንደ ተሰቀለ ርጥብ ነው፤ እንዲያውም ቀዝቅዞ ብሶበታል።

እማማ የውብዳር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። መጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ። ሐሙሲት እናትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ። ለልጄ እኔ እነግረዋለሁ።»

አሁን ሳቄ ጠፋ። ጉልበታቸውን ይዤ ማልቀስ ጀመርሁ። ባሌን እወደው ነበር እኮ! እሳቸውም ልጃቸውን ይወዳሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሁለታችንም ስለ አንድ ሰው እያለቀስን በሩ ተንኳኳ።

ሊቀመንበሩ!

ጋቢ ለብሷል። ከጋቢው በታች ባዶ ቅልጥም። ሽጉጡን በጋቢው ላይ ታጥቋል።

«ጓዲት ይታይሽ» አለ፣ «ሱሪዬን።»

እማማ የውብዳር እሱን አዩ። እኔን አዩ። እንባቸውን ጠረጉ።

«አንዱ ይሄ ነው?»

«እማማ...»

«አንተ! ሽበትህ ወጥቶ! ሱሪህን በሰው ትዳር ውስጥ ጥለህ፣ ጭራሽ በቀን ብርሃን ልትወስድ ትመጣለህ?»

ሰውየው ደነዘዘ። ከአብዮቱ ወዲህ «አንተ» ያለው ሰው አልነበረም።

ጆሯቸው ሥር ገብቼ «እማማ፣ ሊቀመንበሩ ናቸው!» አልኋቸው።

«ሊቀመንበር ከሆነ ሱሪ አያወልቅም?»

አለቀልን አልሁ። እሳቸው ታስረው፣ እኔ ታስሬ፣ አበጀ ከኮርስ ተጠርቶ ሲመጣ ታየኝ።

ያዳነችን ሚስቱ ናት። ዣንጥላዋን ይዛ እያለከለከች ከኋላው ደረሰች። «እማማ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት! የሁሉንም ሱሪ ያመጣን እኛው ሚስቶቻቸው ነን!»

አማቴ የሴትዮዋን ፊት አዩ። የሰውየውን ቅልጥም አዩ። ገመዱን አዩ። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ታዲያ እንዲያ አትይኝም?» አሉኝ።

እንዲያ አትይኝም!!

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጊዜ የለም። ደርቋል?»

ሱሪው ራሱ ጠብ ጠብ እያለ መለሰለት።

አማቴ ብድግ አሉ። ከስድባቸው በኋላ መካስ ፈልገው ይመስለኛል። «የከሰል ካውያ አለሽ?»

አለኝ። ሱሪውን ይዘን ኩሽና ገባን። ከመሄዴ በፊት ማሽኑን አጠፋሁት፤ ሰውየው ጋቢው ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበራ። በረዶው ይቀልጣል ብሎ ያሰበ ማን ነው? ወዲያው ውኃው ከማሽኑ ፊት ተንዶ ሳሎኑን አጥለቀለቀው። በበሩ ስንጥቅ ሳይ፣ ያ ሰፈር የሚያንቀጠቅጥ ሰው እግሮቹን ወንበር ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል።

እማማ የውብዳር ይተኩሳሉ፤ እንፋሎቱ ይንቦለቦላል። ሱሪውም እየደረቀ ነው። በሹክሹክታ ይቆጡኛል። «ዘጠኝ! እኔ ደግሞ ዘጠኝ ወንድ...» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ትከሻቸው ተርገፈገፈ። እኔም አላስቻለኝም። ተደጋግፈን፣ እንባችን እየወረደ፣ ድምፅ እንዳናሰማ ነጠላ ነክሰን ሳቅን።

ከዚያ ሽታው መጣ።

ካውያውን አነሡት። የሱሪው መቀመጫ ላይ የካውያ ምልክት ተጋድሟል። ቡናማ። ሹል አፍንጫው ሳይቀር ቁልጭ ብሎ!

አማቴ አማተቡ። ምልክቱን አዩት። እኔን አዩኝ።

«ከኋላ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ኋላውን በምን ያየዋል?»

በዚያች ደቂቃ አማትና ምራት መሆናችን ቀርቶ ግብረ አበር ሆንን።

ሊቀመንበሩ ሱሪውን ተቀበለን፣ መኝታ ቤት ገብቶ በጥድፊያ ለበሰ፣ ሚስቱን አስከትሎ ወጣ። ጋቢውን ለሚስቱ ሰጥቷታል፤ ከሥሩ የለበሰው ኮት አጭር ነው፤ ወገቡ ላይ ያበቃል። ሚስቱ ዣንጥላውን ልትይዝለት እሱን እያየች በጎኑ ትሮጣለች። እኛ በር ላይ ቆመን ካውያው ሲርቅ አየነው።

ከሰዓት ሁሉም ስብሰባ ላይ መገኘት ግዴታ ነው። አዳራሹ ሞልቷል። እኔና አማቴ መሐል ተቀመጥን፣ ዘሃራ ከጎኔ። እንግዶቹ መድረኩ ላይ ከጠረጴዛ ኋላ ተደርድረዋል። ሊቀመንበሩ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ብዙ ተናገረ። ፊቱ ወደ እኛ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰላም ነን።

ከዚያ፦ «ንብረቷን ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ያዋለች አርአያ ሴት አለችን! ጓዲት ይታይሽ፣ ተነሺ!»

ተነሣሁ።

«ይህ የለበስሁት ሱሪ ሳይቀር በእሷ ማሽን ነው የደረቀ!» አለና ለእንግዶቹ ሊያሳይ ዞረ።

ወደ እንግዶቹ ዞረ ማለት ለእኛ ምን ሰጠን?

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ያ ሁሉ ዓይን ካውያውን አየ፤ ቀጥሎ ብቻዬን የቆምሁትን እኔን አየ፤ ተመልሶ ካውያውን አየ። ዘሃራ ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳለች። አማቴ ጣሪያውን ይመረምራሉ።

አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ በጭንቀት አጨበጨበ።

አዳራሹ በሙሉ ተከተለው። ምን ያድርግ? መሳቅ ያሳስራል፣ ዝም ማለትም ያሳስራል።

ሊቀመንበሩ ጭብጨባው ልቡን ነካው። ኮቱን ወደ ታች ሳብ አደረገና ለእንግዶቹ፣ በአክብሮት፣ ጎንበስ አለ።

ጎንበስ!

እንዲህ ያለ ጭብጨባ ያ አዳራሽ ሰምቶ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሊቀመንበሩ ሌላ ሱሪ ለብሶ፣ ካኪውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቆሟል። ብቻውን። እማማ የውብዳር ገፋ አድርገውኝ ከፊቴ ቆሙ። «እኔ ነኝ ያቃጠልሁት። ልጅቱን ይተዉአት» አሉ። ትናንት ዕቃሽን ሰብስቢ ያሉኝ ሴትዮ!

አላያቸውም። እኔን ነው የሚያይ። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

«ጓዲት... ትናንት ሰው አየው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘነኝ።

«ኧረ ማንም አላየም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ጭብጨባው ከልብ ነበር?»

«ከልብ ነበር!» አልን፣ እኔና አማቴ በአንድ አፍ።

«ጥሩ» አለ። ጥቅሉን ለአማቴ ሰጣቸውና ሄደ። ከዘሃራ አባት ሱቅ ተቀራራቢ ካኪ ተገኘ፤ እማማ የውብዳር ቁጭ ብለው ጣፉለት።

አበጀ ሲመለስ እናቱ እኔን በስሜ ሳይሆን «ጓዴ» እያሉ ሲጠሩኝ አገኘ። ግራ ገባው፤ አልነገርነውም። ስለ በረዶው ብቻ ጠየቅሁት። «ከመጠን በላይ ስታቀዘቅዢውና ቤቱን በርጥብ ነገር ስትሞዪው፣ የለቀመው ውኃ ሳይፈስ እላዩ ላይ ይረጋል፤ አየር አያሳልፍም፣ አያደርቅም» አለኝ። ከዚያ ትንሽ አየኝና ማዞሪያውን ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

እና ትምህርቱ? በር ዝጉ፣ መካከለኛ ላይ አድርጉት፣ ልብስ አትስቀሉበት። ይሄን ማንም የኤሲ ባለሙያ ይነግራችኋል።

እኔ እስካሁን መልስ ያጣሁለት ሌላ ጥያቄ ነው። ያን ቀን፣ ያ አዳራሽ ውስጥ፣ እናንተ ብትሆኑ ትነግሩት ነበር?

በኪቦርድ ጀግና እንዳትሆኑብኝ። እውነቱን!