እግሬን እያየ የሚጽፍ ሰው

«ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ያለው ሰው ገንፎ ሲበላ የተወጋ መሆን አለበት። እኛ ግን ሳንወጋም እንጠረጥራለን። ሐበሻ ሰላምታ ሲበዛለት «ምን ፈልጎ ነው?» ይላል፤ ሲያንስበት ደግሞ «ምን ሰምቶ ነው?» ይላል። በልኩ የተሰጠ ሰላምታ እስካሁን አላየሁም። ይህን ጠባያችንን ከሻንጣችን አስቀድመን አሳፍረን ሎስ አንጀለስ ድረስ አምጥተነዋል። ጉምሩክም አልያዘው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ታክሲ እነዳ ነበር። ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ ያኔ የሐበሻ ምግብ ቤት ገና በጣት የሚቆጠር ስለነበር ሁላችንም ምሳ የምንበላው እትዬ በላይነሽ ዘንድ ነው። የማዕዘኗ ጠረጴዛ የጋሼ ተሰማ ናት። ጋሼ ተሰማ አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ የጥገኝነት ማመልከቻችንን ለነፍሳቸው ይሞሉልናል። የእኔንም የሞሉት እሳቸው ናቸው። ደርግ ወንድሜን ፈልጎ ሲያጣው በእሱ ፈንታ እኔን አራት ወር ማሰሩን እንዳለ ጻፉት። «ሥራ» የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ ግን ብዕራቸው ቆመ። እኔ ዘጠኝ ዓመት የመንግሥት ከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ እህል ጭኜ ሊማሊሞን ስወጣና ስወርድ ነው ያረጀሁት። ጋሼ ተሰማ መነጽራቸውን አወለቁና፣ የመንግሥት መኪና ነዳሁ ያለ ሰው የመንግሥት ሰው ነኝ እንዳለ ይቆጠራል አሉኝ። ከዚያ «ተማሪ» ብለው ጻፉ። እኔም በሠላሳ አምስት ዓመቴ ተማሪ ሆንኩ። የኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቄ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አንዲት መስመር ውሸት ሆና ከተገኘች ሌላውም እውነት አይታመንም፤ ካልታመነ መመለስ አለ፤ መመለስ ማለት ደግሞ ለእኔ ወደዚያው እስር ቤት ነው።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ሰውዬው የመጣው። ዌስትቼስተር፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አነሣሁት፤ ፀሐይ አንገቱን ያቀላው ረጅም ፈረንጅ ነው። የኋላውን በር ብከፍትለት ዞሮ ከፊት፣ ከጎኔ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። በአገራችን ባለሥልጣን ከኋላ ይቀመጣል፤ ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው ጆሮ ጠቢው እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ሀይዌዩ ተጨናንቆ ስለነበር በኮረብታው መንገድ አሳበርኩ። ዳገቱን ጨርሰን ቁልቁል ስንል ሰውዬው መንገዱን ማየት ትቶ እግሬን ማየት ጀመረ። ከኪሱም ማስታወሻ ደብተር አወጣ። እግሬን ያያል፣ ይጽፋል። መንዳት የት ተማርክ አለኝ። እዚሁ አልኩ። ተራራ ላይ ነድተህ ታውቃለህ አለኝ። ተራራ የማውቀው በሥዕል ነው አልኩ። ሲወርድ፣ ፊት ለፊት የተለጠፈውን የታክሲ ካርዴን እያየ ስሜን ከነአባቴ ቀዳው።

በሦስተኛው ቀን እትዬ በላይነሽ ቤት ገብቶ ያንኑ ስም እየጠራ ሰውን ሁሉ አይጠይቅ መሰላችሁ? እትዬ በላይነሽ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው በሕይወታቸው ሰምተው እንደማያውቁ ማሉለት፤ እኔ ሁለት ክንድ ራቅ ብዬ ሽሮዬን እየበላሁ ነው። ለካ እዚህ እንደምበላ የታክሲ ድርጅቱ ስልክ ተቀባይ ነግሮት ኖሯል። ፊቴን ስላወቀው መደበቅም አልተቻለም። ሦስት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት፣ ያንን የኮረብታ መንገድ አውጥተህ አውርደኝ አለኝ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የሚጠየቅ ሰው መቼ ይጠይቃል?

እሱ እንደወጣ ጋሼ ተሰማ ወደ ጠረጴዛቸው ጠሩኝ።

«ስማ ልጄ፣ ይኼ ሰው ከኢሚግሬሽን ነው። ፎርምህ ላይ ስቱደንት ነህ፤ ሹፌርነትህን ቼክ ሊያደርግ ነው የመጣው። እምቢ ካልከው ራስህን አጋለጥክ። ሂድና እንደ ተማሪ ንዳ።»

እንደ ተማሪ መንዳት እንዴት ነው? ሊማሊሞ ላይ መጀመሪያ የተማርኩት ነገር፣ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ፣ ፍሬን ለክፉ ቀን ነው የሚል ነበር። የአሜሪካ ታክሲ ማርሹን ራሱ ይለውጣል፤ የእኔ ቀኝ እጅ ግን ቁልቁለት ባየ ቁጥር ሳላዘው ወደ ከባድ ማርሽ ይጎትታል። ያንን እጅ ጭኔ ሥር ሸጎጥኩት። በግራ እጄ ብቻ መሪ ይዤ፣ ፍሬን እንደ በርበሬ እየወቀጥኩ ወረድኩ። መታጠፊያው መሀል ላይ ሳይቀር ረገጥኩ። ሰውዬው ወዲያና ወዲህ ሲላጋ መጻፍ አቃተው። እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ኩንታል ሳላፈስ የወረድኩ ሰው፣ አንድ ሰው የጫነ ታክሲ አንገጫገጭኩ።

በሦስተኛው ጠዋት ፍሬኑ ጨሰ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ሰውዬው ደብተሩን ዘጋና፣ ይቅርታ፣ ሰው ተሳስቼ ነው መሰለኝ አለ። አልተናደደም፤ አዝኖ ነው። ስሙ ክላይድ እንደሆነ፣ ሥራውም የመኪና እሽቅድምድም እንደሆነ ያን ጊዜ ነገረኝ። ስቶክ ካር ይሉታል፤ መልኩ የቤት መኪና፣ ሞተሩ አውሬ ነው። ክላይድ ዕድሜውን የተወዳደረው ክብ ሜዳ ላይ ነው፤ እንደ አውድማ በሬ ወደ ግራ ብቻ ሲዞር ኖሯል። የፊታችን እሑድ የሚወዳደረው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገትና ቁልቁለት ባለበት፣ ግራ ቀኝ በሚጠማዘዝ መንገድ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት እዚያው ፍሬኑ ግሎ አልታዘዝ ብሎት አጥር ጥሷል፤ ዘንድሮ ከደገመው የመኪናው ባለቤት ለሌላ ሰው ይሰጥበታል። የመጀመሪያ ቀን ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ሳልነካ ስወርድ አይቶ፣ ለመማር ነው የፈለገኝ። የመኪናውንም ፎቶ አሳየኝ።

አመንኩት? ፎቶ ማንም ያሳያል። ያመንኩት ኮቱን አውልቆ፣ በጀርባው ተንጋሎ ታክሲዬ ሥር ሲገባ ነው። የትኛው ጎማ ፍሬን እንደተበላ አሽትቶ ነገረኝ። ሰላይ ሰው ቤት ይገባል እንጂ መኪና ሥር አይገባም።

ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ወደ አናቱ ተመለስን። ቀኝ እጄን ከጭኔ ሥር አወጣሁት። ከላይ እስከ ታች ፍሬን የነካሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ገና መታጠፊያው ሳይደርስ። ክላይድ ትንፋሹን ውጦ «ዋን ሞር» አለ። አራት ጊዜ ደገምን። ታዲያ የተደነቀ ሹፌር ዝም ይላል? መኪናውን በከባድ ማርሽ ይዤ አፌን ግን ያለ ማርሽ፣ በፎሌ ለቀቅኩት። ሊማሊሞን፣ ዘጠኙን ዓመት፣ የመንግሥቱን መኪና፣ የጭነቱን ልክ፣ አንድም ሳላስቀር ዘከዘክኩለት። ለማንም እንዳትናገር ማለትን ግን ረሳሁ።

እሑድ ክላይድ ዘጠነኛ ወጣ። ባያሸንፍም ፍሬኑ ሳያልቅበት ጨረሰ፤ መኪናውንም የነጠቀው የለም። በጣም ደስ አለኝ፤ ደስታዬም እስከ ማክሰኞ ቆየ። ማክሰኞ ጋሼ ተሰማ ጋዜጣ ይዘው ገቡ። ክላይድ ለጋዜጠኛው ምስጋናውን ሲያቀርብ ስሜን ከነአባቴ፣ አንድ ፊደል ሳያዛንፍ ሰጥቶታል፤ በኢትዮጵያ ተራሮች ዘጠኝ ዓመት የመንግሥት መኪና የነዳው አስተማሪዬ ብሏል። ቃለ መጠይቄ ሐሙስ ነው። ጋሼ ተሰማ ጋዜጣውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ምነው ሰላይ በሆነ» አሉ። «ሰላይ እንኳ ምስጢር ይጠብቃል።»

ሐሙስ ኢሚግሬሽን ቢሮ ገባሁ። ጠያቂዋ ፋይሉን ሳትከፍት ተናዘዝኩ፦ ሥራ የሚለው መስመር ትክክል አይደለም፣ ሹፌር ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው። ሴትየዋ የስፖርት ገጽ የምታነብ ዓይነት አይደለችም፤ ስለ ጋዜጣውም የምታውቀው ነገር አልነበረም። ምን እንዳስፈራኝ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ተማሪ»ን ሰርዛ «ሹፌር» ብላ ጻፈችና አስፈረመችኝ። ስለ እስሩ ግን ብዙ ጠየቀችኝ፤ ያንንም ሳልጨምር ሳልቀንስ መለስኩ። በአምስተኛው ወር የጥገኝነት ፈቃዱ በፖስታ መጣ። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ እትዬ በላይነሽ ቤት ሮጥኩ። እሳቸው እልል አሉ፤ ሌላውም ተነሥቶ ሳመኝ። የራሳቸውን መልስ ሲጠብቁ ሦስት ዓመት የሆናቸው ጋሼ ተሰማ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ወሩን በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ፈጠነ እኮ አሉ፤ ለመሆኑ ምን ነግረሃቸው ነው? እውነቱን አልኩ። እውነቱን ብቻ? እውነቱን ብቻ። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበረው ሰው ሁሉ ተያየ። አልፈርድባቸውም፤ እውነት ብቻ ተናግሮ በአምስት ወር ወረቀት አገኘሁ የሚል ሰው ቢመጣ እኔም አላምነውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላዩ እኔ ነኝ፤ ስገባ ወሬው ወደ አየሩ ሁኔታ ይዞራል። ሎስ አንጀለስ ደግሞ ትናንትም ፀሐይ፣ ዛሬም ፀሐይ፣ ነገም ፀሐይ ናት፤ እነሱ ግን ምሳዬን እስክጨርስ ድረስ ስለ አየሩ ያወራሉ።